የትኛዋ ጀልባ፣ የማን ዓይን

ቶሮንቶ፣ ጃንዋሪ 19 ቀን 1997

ለወንድም ዓለም ለጀርማኖ፤

ይህች ወረቀት አንተንም አልዚራንም በጤና፣ ጣሪያችሁ ሳያፈስ፣ ላሞቻችሁ ሳይነጥፉ ታግኛችሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እሱም የሚያመኝ ደረጃ ስወጣ ብቻ ስለሆነ ደረጃ መውጣት ትቻለሁ። በረዶው በሬን ከዘጋው ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ቤቴ ሙቅ፣ ጓዳዬ ሙሉ ነውና ማንንም አላማም።

ሠላሳ አንድ ዓመት የሆስፒታል ወለል ስወለውል ኖሬ ባለፈው ኖቬምበር ጡረታ ወጣሁ። ሲሸኙኝ ኬክ ቆረሱልኝና የእጅ ሰዓት ሰጡኝ። ጡረታ ለወጣ ሰው ሰዓት ምን ያደርግለታል?

የጻፍኩልህ ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። በመንፈስ ቅዱስ ማኅበራችን ሉሲንዳ የምትባል የሳኦ ሚጌል ደሴት ሴት አለች። ባለፈው በጋ በአውቶቡስ ሄዳ ዓሣ ነባሪ አይታ መጣች። ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም። እሑድ ዕለት ሾርባ እየቀዳን ሳለ በሰው መሐል፣ «ኢዳሊና፣ አንቺ የፒኮ ደሴት ልጅ አይደለሽ? አባትሽስ ነባሪ አዳኝ አልነበሩም? እስቲ ያየሽውን አጫውቺን» አለችኝ። ሾርባው ጎድሏል ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። እኔ ያየሁት በገመድ ተጎትቶ ወደቡ ላይ የተዘረጋ ሬሳ ነው። የማውቀው ከአባቴ ልብስ የማይለቀውን የዘይት ሽታ ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመት እዚያ ስኖር አንድም ቀን በሕይወት ያለ ነባሪ በቅርብ አላየሁም። ያን ጊዜ ሴት ጀልባ ላይ ምን ልትሠራ!

ስለዚህ በኦገስት ለሁለት ሳምንት እመጣለሁ። አሁን እዚያ ነባሪ የሚያሳዩ ጀልባዎች ሦስት ሆነዋል ሲሉ ሰምቻለሁ። የትኛዋ እንደምትሻለኝ ምረጥልኝ። እናትህና አባቴ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ከአንተ ሌላ የምጠይቀው ሰው እዚያ አልቀረኝም። ባሕር የምወጣው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ልቤም አይችል። ያቺን አንድ ቀን እንዳታበላሽብኝ።

የአጎት ልጅህ፣ ኢዳሊና


ፔድራ አልታ፣ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1997

ለእህት ዓለም ለኢዳሊና፤

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስሽ፤ እመቤታችን ጉልበትሽን ትዳብስልሽ። እኛ ደህና ነን። ነፋሱ የቄሱን የዶሮ ቤት ወስዶ ኳስ ሜዳው ላይ አስቀምጦታል፤ ዶሮዎቹ ምንም አልሆኑም። አልዚራ መምጣትሽን ከሰማች ጀምሮ አንሶላ ታጥባለች። እስከ ኦገስት ድረስ ታጥባ ትጨርሳቸዋለች ብዬ ፈርቻለሁ።

እኔ እንደምታውቂው አሁንም ገደሉ ላይ ማማዬ ውስጥ ነኝ። ድሮ የነባሪ ትንፋሽ ሳይ ርችት እተኩስ ነበር፤ አሁን በሬዲዮ ለባለጀልባው ለዘፈሪኖ እነግረዋለሁ። ያን ጊዜ ሊገድሉት ይሮጡ ነበር፣ ዛሬ ፎቶ ሊያነሡት ይሮጣሉ። ነባሪው ግን ልዩነቱ የገባው አይመስለኝም፤ እንደ ድሮው ያመልጣል።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። አንደኛዋ የጎማ ጀልባ ናት። ሁለት ወንድማማቾች ከደሴቶቹ ማዶ ከዋናው አገር ያመጧት ናት፤ እንደ በቅሎ ተፈናጠሽ ነው የምትቀመጪባት፣ እነሱም እንደ በቅሎ ያስጋልቧታል። ዓምና አንድ ሆላንዳዊ ሰው ሠራሽ ጥርሱን ማዕበል ላይ ጥሎ ተመለሰ። ለአንቺ ጉልበት አትሆንም። ሁለተኛዋ ትልቋ ነጭ ናት። ጣሪያ አላት፣ ንጹሕ ሽንት ቤት አላት፣ ቡናና ብስኩት ይሸጥባታል፣ መቀመጫዋም ትራስ አለው። ሦስተኛዋ የእኛዋ፣ የዘፈሪኖ ሰማያዊ ጀልባ ናት። ድሮ የአዳኞቹን ታንኳ ትጎትት የነበረችው እሷ ናት። ለተሳፋሪ ጥላ የላት፣ መደገፊያ የላት፣ ሞተሯ እንደ አስም በሽተኛ ያስላል።

እኔን ብትሰሚኝ ትልቋን ነጭ ምረጪ። የዕድሜሽ ጀልባ እሷ ናት።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የርቀት መነጽሬ አርጅቷል። ካናዳ ውስጥ በጣም አቅርቦ የሚያሳይ ከተገኘ ይዘሽልኝ ነይ። አልዚራ ጉንጭሽን ትስምሻለች።

ጀርማኖ


ቶሮንቶ፣ ማርች 9 ቀን 1997

ለወንድም ዓለም ለጀርማኖ፤

ጤናህ እንደ ምላስህ ይሁንልህ፤ ከዚህ የበለጠ ምርቃት አላውቅም። እኔ ስለ ነባሪ ጠየቅኩህ፣ አንተ ስለ ሽንት ቤት ጻፍክልኝ። ውቅያኖስ አቋርጬ የምመጣው ትራስ ላይ ተቀምጬ ብስኩት ልበላ ነው እንዴ? ብስኩት እዚህም ሞልቷል።

አባቴ ምን ይሉ እንደነበር ረሳኸው? «ታንኳ ሁሉ እንጨት ነው፤ ማማው ላይ ማን እንዳለ ንገረኝ» ነበር የሚሉት። በፔድራ አልታ ጀልባ የሚመርጥ ቱሪስት ነው። የአገሩ ሰው የሚመርጠው ዓይን ነው። አንተ ገና ጀማሪ ሳለህ አባቴ እራት ላይ፣ «የዚህ ልጅ ዓይን የጭልፊት ነው፤ እሱ አለ ካለ አለ፣ የለም ካለ የለም» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ታዲያ አርባ ዓመት የሞላው የጭልፊት ዓይን እያለኝ የሌላ ሰው ጀልባ ላይ ምን ልሠራ እወጣለሁ? ዘፈሪኖም ያስል፣ ሞተሩም ያስል፤ ምርጫዬ ሰማያዊዋ ናት።

አልዚራም ከጎኔ ትቀመጥ። ስንሄድ እሷን አቅፌ ልሂድ፣ ነባሪው ሲወጣ አብረን እንጩህ። ብቻዬን መጮኽ አልወድም። መነጽሩን እፈልግልሃለሁ። ለሁለት ሰው ቦታ መያዝህን ጻፍልኝ።

ኢዳሊና


ፔድራ አልታ፣ ሜይ 11 ቀን 1997

ለእህት ዓለም ለኢዳሊና፤

እግዚአብሔር ዕድሜሽን ያርዝምልን፣ ትዕግሥትሽንም ያብዛልን። መልሴ የዘገየው ላሟ ስለወለደች ነው። ሴት ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት። ከዚያም ድንች ተከልን። ከዚያም ትንሽ ጉንፋን ያዘኝ።

የጀልባውን ነገር ደጋግሜ አሰብኩበት። የአልዚራ መሄድ አይሆንም። ባሕር ያጥወለውላታል፤ ጀልባ ገና ከሩቁ ስታይ ፊቷ አመድ ይመስላል። ደግሞ በኦገስት ብዙ ሥራ አለባት፤ የበዓሉ ዳቦ አለ፣ ጥጃዋ አለች። አንቺም ብትሆኚ ትልቋን ነጭ እንደገና ብታስቢባት መልካም ነው። የእነሱ የማማ ጠባቂ ቲቡርሲዮ ነው። ድሮ ተቀናቃኜ ስለነበር አላመሰግነውም እንጂ ዓይኑ ክፉ አይደለም። ወይም ጉዞሽን ወደ ሴፕቴምበር ብታዛውሪው ሁሉም ነገር ይረጋጋል።

መነጽሩን ተይው፤ አያስፈልግም። ይልቅ ከፋርማሲ ጥሩ የዓይን ጠብታ ካገኘሽ ይዘሽ ነይ። ለአልዚራ ነው።

ጀርማኖ


ቶሮንቶ፣ ጁን 1 ቀን 1997

ለጀርማኖ፤

ሰላም ለቤትህ ይሁን። ላንተ ስለመሆኑ ግን ገና አልወሰንኩም።

አልዚራ ለልደቴ ካርድ ላከችልኝ። በጀርባው ላይ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «አንቺ ልጅ፣ ማን ነው ባሕር ያጥወለውላታል ያለሽ? ወደ ፋያል ደሴት ስሻገር ሌላው ሲያስመልስ እኔ ዳቦና አይብ እበላለሁ። ከገደሉ ላይ ሆኜ ሳየው ነባሪ ማለት ለእኔ ቁንጫ የምታክል ነጥብ ነው። አንድ ቀን ከነቆዳው ባየው ደስ ይለኛል። ለጀርማኖ ግን አልነገርኩትም፤ ሰሞኑን ፊቱ ጥሩ አይደለም።»

እንግዲህ ምን ልበል? ዓይንሽን ጨፍኚ ላሞኝሽ ነው የያዝከው? እኔ እኮ አልዚራን የማውቃት ጥርስ ሳታወጣ ነው። በእኔ አፍረህ ነው? የካናዳ ሴትዮ ጀልባው ላይ ታዋርደኛለች ብለህ ነው? ወይስ ያላወቅሁት ቂም አለህ? እውነቱን ጻፍልኝ። አለዚያ መጥቼ ሆቴል አርፋለሁ፤ መንደሩም ሁሉ ሻንጣዬን ስጎትት ያየኛል።

ኢዳሊና


ፔድራ አልታ፣ ጁን 15 ቀን 1997

ለእህት ዓለም ለኢዳሊና፤

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ለእኔ ሰላም ከጠፋኝ ቆይቷል። ሆቴል ያልሽበትን ገጽ አልዚራ እንዳታየው ቀድጄ ጣልኩት። ዘመድ እያለሽ ሆቴል! እናቴ ከመቃብሯ ተነሥታ ትመታኝ ነበር።

እንግዲህ ስሚ። ዓይኔ አያይም።

ግራውን ሞራ ጋርዶታል። በቀኙ ሰው እለያለሁ፣ ላም እለያለሁ፣ ወረቀት አፍንጫዬ ሥር አድርጌ እጽፋለሁ። ስድስት ማይል ላይ ያለ የነባሪ ትንፋሽ ግን ለእኔ የለም። ባሕሩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ሰማያዊ ጨርቅ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት በበጋው መጀመሪያ ላይ ዘፈሪኖን አሥራ አራት ቱሪስት እንደጫነ ዘጠኝ ማይል ድረስ ላክሁት። «ነጭ ነገር ብልጭ ብላለች፤ ፍጠን» አልኩት። ሲደርስ የሚንሳፈፍ ነጭ የዓሣ ሣጥን ሆኖ ተገኘ። ዘፈሪኖ ደግ ሰው ነው፤ ለቱሪስቶቹ «ጠልቃለች» አላቸው። አሥራ አራት ሰው ሣጥኑን ከቦ አርባ ደቂቃ እስክትወጣ ጠበቀ። ማታ ለአልዚራ ነገርኳት። አልሳቀችም። በማግሥቱ ምሳዬን ይዛ ማማው ላይ ወጣች፣ የምትሠራውን ሹራብ ከነመርፌው አወጣች፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ሴት ማማ አትወጣም የሚለውን ታውቂያለሽ። «ምሳ ነው ያመጣሁት» አለች። ይኸው ሁለት በጋ ሙሉ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ጀምራ ምሳ ታመጣልኛለች።

እጇ ሳያቋርጥ፣ «ጀርማኖ፣ ከጥቁሩ ድንጋይ ሁለት ጣት ወደ ግራ» ትለኛለች። እኔ ሬዲዮውን አንሥቼ በወፍራም ድምፄ እደግመዋለሁ። ወደቡ ላይ፣ «አቤት የጀርማኖ ዓይን! እያደር ይስላል» ይላሉ። ሽማግሌዎቹ ወይን ይጋብዙኛል። እሷ ቤት ውስጥ ወጥ ትሠራለች፣ እኔ የእሷን ወይን እጠጣለሁ።

አሁን ገባሽ? አልዚራ ጀልባው ላይ ከወጣች ማማው ላይ የምንቀረው እኔና ወንበሩ ነን። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእኔ ስም ደግሞ ዓይኔ ነው፣ ሌላ ምንም የለኝም። ሐኪም ቤት እንዳልሄድ፣ ወደ ፋያል በሚሻገረው ጀልባ ላይ የማያውቀኝ ሰው የለም። ሳልመለስ ወሬው ይቀድመኛል።

ይህ ሁሉ ግን አይደለም ያስጨነቀኝ። ካርድ መላኳን አላውቅም ነበር። «ከነቆዳው ባየው» ያለችውን አንብቤ ጓሮ ወጣሁ። አይሆንም ብላት ትቀራለች። አታኮርፍም፣ አትጠይቀኝም፣ ምሳዋን ጠቅልላ ማማው ላይ ትወጣለች። ብታኮርፍ ይሻለኝ ነበር። ምን ላድርግ ኢዳሊና? ይህችን አንብበሽ አቃጥያት።

ጀርማኖ


ቶሮንቶ፣ ጁን 27 ቀን 1997

ለወንድም ዓለም ለጀርማኖ፤

እግዚአብሔር ዓይንህን ያብራልህ፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው። ደብዳቤህን አቃጠልኩት። የጢስ ደወሉ ጮኾ ጎረቤቶቼ በሙሉ በፒጃማ ወጡ፤ ምሥጢርህን ለቶሮንቶ ከማዳረስ ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

ለዓይንህ አዘንኩ። ስለ አልዚራ ግን ተናደድኩ። ሁለት ዓመት! ያውም ወይኑን እየጠጣህ!

ምን ላድርግ አልከኝ። እኔ ምን አውቅልሃለሁ? መጀመሪያውኑ ጀልባ እንድትመርጥልኝ ነበር የለመንኩህ፣ አሁንም ልመናዬ ያው ነው። ማክሰኞ ኦገስት 5 የመረጥክልኝን ጀልባ እሳፈራለሁ። ትልቋን ነጭ ካልክም ዝም ብዬ ሽንት ቤቷ ውስጥ ተቀምጬ እሄዳለሁ፣ ለማንም አልናገርም። አልዚራ የት እንደምትውል ግን አንተው በአፍህ ትነግራታለህ፤ እኔ በዚህ ውስጥ የለሁበትም።

ጠብታውን አላመጣም። ጠብታ ሞራ አይገፍም። የሆስፒታል ወለል ስትወለውል የምትሰማው ነገር አለ፦ ጧት ይገባሉ፣ ከሰዓት ዓይናቸውን አሽገው ይወጣሉ፣ በሳምንቱ የሚስታቸውን ሽበት አይተው ይደነግጣሉ።

ኢዳሊና


ቶሮንቶ፣ ኦገስት 24 ቀን 1997

ለወንድም ዓለም ለጀርማኖ፣ ለእህቴም ለአልዚራ፤

በሰላም ገባሁ። አይቡ ጉምሩክ ላይ አልተቀማብኝም፣ ቋሊማው ግን ተቀማ። ያጎረሳችሁኝን እግዚአብሔር በእጥፍ ይመልስላችሁ፤ ቀሚሴ አልዘጋ ብሎኛል።

ቤታችሁ እንግዳ እንደሞላበት ስለሰነበተ ቁም ነገር ሳናወራ ተለያየን። ስለዚህ ጀልባው ላይ የሆነውን ልጻፍልህ። አልዚራ እንደማትነግርህ አውቃለሁ፤ እሷ ስለ ራሷ ስትጠየቅ ስለ ላም ነው የምትመልሰው።

ወደቡ ላይ «ሁለት ሰው፣ ሰማያዊዋ ላይ» ብለህ ለዘፈሪኖ ነግረኸው ዞር ሳትል ወደ ዳገቱ ሄድክ። አልዚራ «ምሳውን ማን ይወስድለታል?» አለችኝ። ከወደቡ ሳንወጣ ሦስት ጊዜ አለችኝ። አንድ ሰዓት ተኩል ሄድን። ባሕሩ ጸጥ ብሏል፣ ፀሐዩ ያቃጥላል። አንድ ጀርመናዊ ሰዓቱን ማየት ጀመረ። ዘፈሪኖ ሬዲዮውን አንሥቶ፣ «ማማ፣ ማማ፣ ወዴት ልሂድ?» አለ። መልስ የለም። ደገመ። መልስ የለም። አልዚራ እጄን እንዴት አድርጋ እንደጨበጠችው! የቀለበቴ ምልክት ጣቴ ላይ ሁለት ቀን ቆየ።

ከዚያ ድምፅህ መጣ። «ዘፈሪኖ፣ ዛሬ ማማው ላይ ዓይን የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ የነገርኩህ እሷ ያየችውን ነው። ዓይኑ ያለው ጀልባህ ላይ ነው፤ አልዚራን ጠይቃት።»

ዘፈሪኖ ሬዲዮውን ዓሣ እንደነከሰው ሰው ያየው ጀመር። ቀድሞ የተናገረው፣ አንተም እንደሰማኸው፣ ያ የነጯ ጀልባ ጠባቂ ቲቡርሲዮ ነው፤ ሬዲዮው ለሁሉም አንድ አይደል። «እንኳን ተነፈስክ! ዓምና ‹እንደ ነጭ ክር ብን አለች› ስትል ነው የጠረጠርኩህ። አንተ ከተወለድክ ክር ይዘህ ታውቃለህ?» ሌላ ሰው ደግሞ ከሩቅ ሬዲዮው ላይ ሳቀ።

አልዚራ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። «ይሄ ሰውዬ ጉዴን አወጣው!» አለች። ከዚያም ተነሣችና፣ «ከዚህ ዝቅታ ምን ይታያል?» ብላ የነጂው ክፍል ጣሪያ ላይ መውጣት ጀመረች። በቀሚስ! በስድሳ አንድ ዓመቷ! ዘፈሪኖ «አልዚራ፣ እባክሽ ውረጂ» ሲላት «ዝም በል፣ ሞተሩን ቀንስ» አለችው። ሰዓቱን ሲያይ የነበረው ጀርመናዊና ሚስቱ አንድ አንድ ቁርጭምጭሚቷን ያዙላት። አሥር ደቂቃ ያህል እንደዚያ ቆመች። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «ወደ ቀኝ ዘፈሪኖ። ሦስት ማይል ገደማ። ሁለት ናቸው፤ አንዷ ትልቅ፣ አንዱ ልጅ» አለች።

አየሁ ጀርማኖ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ እናቲቱ ከፊታችን ተኝታ፣ ልጁ ከሥሯ ሲገባ ሲወጣ አየሁ። ለስላሳ ነበር የሚመስለኝ። ቆዳዋ ግን የእኔን እጅ ነው የሚመስለው፤ ቀኑን ሙሉ ባልዲ ውስጥ የዋለ እጅ። አባቴ ስንቱን እንዲህ ያለውን እንደወጉ አሰብኩ፤ እኛንም ያሳደጉን በዚያ ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ አሰብኩና አለቀስኩ። አልጮኽኩም፤ ለመጮኽ ነበር የመጣሁት።

የቀረውን በሬዲዮ ሰምተሃል። ያልሰማኸው ይህን ነው። አልዚራ ነባሪዋን ለራሷ ያየቻት ለጥቂት ጊዜ ነው። ከዚያ እጇን ዘርግታ ሬዲዮውን ጠየቀች። «ጀርማኖ፣ ትሰማለህ?» ካለችህ ጊዜ ጀምሮ ዓይኗ ወደ እናቲቱ ይመላለሳል፤ ፊቷ ግን ወደ ገደሉ፣ ወደ ማማው ነው የዞረው። «ቁመቷ ከበረታችን በር እስከ ጉድጓዱ ይሆናል። የተነፈሰችው ፊቴ ላይ አረፈ፤ የበሰበሰ ጎመን ነው የሚሸተው፣ ይገርምሃል» እያለች። አንተ «ዓይኗስ? ዓይኗ የት ጋ ነው?» ስትላት፣ እናቲቱ በጎኗ ገልበጥ አለችና አልዚራ ወደ ውሃው ጎንበስ ብላ «ትንሽ ናት፤ ከአፏ ማዕዘን ኋላ። እያየችኝ ነው» አለችህ። አሥራ ሁለቱም ቱሪስቶች ፎቶ ማንሣት ትተው አልዚራን ያዳምጡ ነበር። ቋንቋዋን አንዳቸውም አያውቁም። ጀርመናዊቷ ታለቅስ ነበር።

ሉሲንዳን አግኝቻታለሁ። ዘጠኝ ሴቶች ሆነን በሚመጣው ዓመት እንምጣ እያለች ነው። የትኛዋ ጀልባ እንደምትሻል ንገሪን ይሉኛል።

ኢዳሊና


ፔድራ አልታ፣ ኦክቶበር 5 ቀን 1997

ለእህት ዓለም ለኢዳሊና፤

በሰላም መግባትሽን ሰምተን ተመስገን አልን፤ ለቋሊማውም አዘንን። ሁላችንም ደህና ነን፤ ጥጃዋም ጡት ጥላለች።

ጀልባው ላይ የሆነውን ነገርሽኝ፤ እኔም የማማውን ልንገርሽ። ዘፈሪኖ «ወዴት ልሂድ?» ሲለኝ መልስ አጥቼ አይደለም ዝም ያልኩት። ሐሰቱ አፌ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፦ «ደቡብ ምዕራብ፣ አራት ማይል»። በኦገስት እንዲያ ካልሽ ከሦስቱ ሁለቱን ጊዜ ታገኛለሽ፤ ካጣሽም «ጠልቃለች» ይባላል፤ ማንም አይጠይቅሽም። እጄን ወደ ሬዲዮው ስዘረጋ ወንበሯን አየሁ። እሱ አንድ ክንድ ነው ርቀቱ፣ ማየት አያቅተኝም። የጀመረችውን ሹራብ ጥላው ሄዳለች። አነሣሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ ጎኔ ተቀምጣ ስትሠራ ለማን እንደምትሠራ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም። ወደ ፊቴ አስጠግቼ ለካሁት፤ የእኔ ትከሻ ልክ ነው። ከዚያ በኋላ ያቺ ሐሰት አልወጣ አለችኝ።

አርባ አንድ ዓመት ነባሪ ስጠቁም ኖሬአለሁ። በሕይወት ሳለ በቅርብ ያየሁት የመጀመሪያው ነባሪ ግን አልዚራ በሬዲዮ የነገረችኝ ነው። ይህን ለሰው ብናገር ይስቁብኛል፤ ለአንቺ ግን እንደዚያ ነው የምለው።

ያን ዕለት ማታ አንቺ ከተኛሽ በኋላ ዘፈሪኖ ቤታችን መጣ። ሊጣላኝ ነው ብዬ ተነሥቼ ቆሜ ጠበቅሁት። እሱ ግን ተቀምጦ ሾርባውን በላና፣ «ነገ ማማው ላይ ማን ነው?» አለ። እኔ አፌን ሳልከፍት አልዚራ «እኔ ነኛ!» አለችው። ወይን ቤት ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች ሴት ማማ ከወጣች ባሕሩ ይከፋል ብለው ማጉረምረም ጀምረው ነበር። ቲቡርሲዮ፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ ስትወጣ ባሕሩ ደረቀ? ዝም ብላችሁ ጠጡ» አላቸው። እኔን ግን ማንም ወይን አይጋብዘኝም፤ የምጠጣውን ራሴ እገዛለሁ።

ኖቬምበር ላይ ፋያል ተሻግሬ ሆርታ ሆስፒታል ግራ ዓይኔን ሊሠሩልኝ ቀጠሮ ሰጥተውኛል። ሐኪሙ ይሳካል ብሏል። ቢሳካም ባይሳካም ማማው የአልዚራ ነው፤ ይህን ራሴ ነኝ የነገርኳት። «ቃልህን እንዳትበላ» አለችኝ። እስከዚያው ምሳ የምሠራው እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ሳምንት ዓሣው ጨው በዝቶበት ድመቷ እንኳ አልነካችውም። አሁን ተሻሽያለሁ።

ለሉሲንዳና ለጓደኞቿ የጠየቅሽኝን ስመልስ፦ ሰማያዊዋ ላይ ይውጡ። መደገፊያ የላትም በያቸው፣ ጥላም የላትም። ወፍራም ጃኬት ይያዙ።

ትናንት ለምሳው ሽንኩርት ገዝቼ በወደቡ በኩል ሳልፍ አንድ የፋያል ሰው እንግዶች ይዞ ከዘፈሪኖ ጋር ይነጋገራል። የአገር ልጅ ስለሆነ የጀልባዋን ነገር አልጠየቀም። «ማማው ላይ ማን አለ?» አለው።

«አልዚራ» አለ ዘፈሪኖ።

«ደህና ታያለች?»

«ከእሷ የሚሻል የለም።»

ሰውዬው ሽንኩርት ይዤ ቆሜ ሲያየኝ በአገጩ ጠቆመኝና፣ «ይሄስ ማን ነው? ፊቱን የማውቀው ይመስለኛል» አለ።

«እሱ? የአልዚራ ባል ነው።»

ልቆጣ አሰብኩ። ፈልጌ ፈልጌ ቁጣው አልመጣ አለኝ፤ ደስ ነው ያለኝ። ምሳው እንዳይዘገይባት ብዬ ሽንኩርቴን ይዤ ወደ ዳገቱ ወጣሁ።

ጤናሽን አሰሚን።

ጀርማኖ